አራት ሰው ከሄዘልደን

የቅዱስ ማርቲን በዓል በዋለ በአምስተኛው ቀን፣ 1569

ዛሬ ደወሉን ደወልኩ። ለጸሎት አይደለም፤ ለአመፅ ነው። ይህን ቃል ስጽፍ እጄ አልፈራም፤ መንደሩ በሙሉ ከእኔ ጋር ነውና።

ወሬው የደረሰን ጠዋት ነው። ሁለቱ የሰሜን ጌቶች በንግሥቲቱ ላይ ተነሥተው ደርሃም ከተማ ገብተዋል። ካቴድራሉ ውስጥ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ቅዱስና የጸሎት መጽሐፉን ቀደው ረግጠውታል፤ የጥንቱ የላቲን ቅዳሴም ተቀድሷል። ዐሥር ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ ስንለው የኖርነውን ነገር ሰዎች ባደባባይ ጮኸው አሉት።

እኔ ኒኒያን የዚህ ደብር ጸሐፊ ነኝ። ደወሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ፣ የጥምቀትና የቀብር መዝገቡ በእኔ እጅ ነው። በሄዘልደን ከእኔና ከቄሳችን ከአባ ሮላንድ በቀር አጥርቶ የሚያነብ የለም።

ደወሉን ሰምቶ ሰው ሁሉ ወጣ። የሚስቴ ወንድም ጋወን፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ ዶማውን ይዞ ሄደና የአሳማ ጋጣውን መቆፈር ጀመረ። የጥንቱ መንበር ድንጋይ ለካ እዚያ ነው የተቀበረው! ያኔ ንግሥቲቱ የጥንቱን ሃይማኖት ስትከለክል፣ ሰዎቿ «ሰባብረህ መንገድ ላይ አንጥፈው» ሲሉት፣ ሌላ ድንጋይ ሰባብሮ አሳይቷቸው ኖሯል።

«ዐሥር ዓመት ሙሉ አሳማ አስተኛህበት?» አሉት እናቱ እማማ ጃኔት።

«ምን ላድርግ እማዬ? አሳማ እንደሆነ እንደ ቄስ ሃይማኖት አይቀያይር!»

አባ ሮላንድም ሳቁ፤ አንገታቸውን ደፍተው።

«የእኛዎቹ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትስ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው። ቁልፉ በእጄ ነበር። ገብቼ ሁለቱንም አቅፌ ወጣሁ። አደባባዩ ላይ፣ ከድንጋዩ መስቀል ሥር፣ እሳት ነዷል። ልጥላቸው ስል ምን እንደነካኝ እንጃ፤ የጸሎት መጽሐፉን ገለጥኩና፣ ከደርሃም እየተላከ እንደሚሰብክልን ሰውዬ ድምፄን በአፍንጫዬ አድርጌ ጥቂት መሥመር አነበብኩ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሚስቴ ሲቢል እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች ሳቀች። ጋወን ጭኑን እየመታ፣ «ሊቁ! ለካ እንዲህ ነህ!» አለኝ።

ሰው የሚያስቀው ሁልጊዜ እሱ ነበር። ዛሬ እኔ ነኝ። ገጽ በገጽ እየገነጠልኩ ጣልኩት።

እሑድ

ተመልሶ በቆመው መንበር ላይ ቅዳሴ ሆነ። አባ ሮላንድ ላቲኑ ጠፍቷቸው ሁለት ጊዜ ቆሙ፤ ከጎን ሆኜ አስታወስኳቸው። አሮጊቶቹ ያለቅሳሉ። እኔም አለቀስኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ባርትራም ሎውሰን በፈረሱ ላይ ሆኖ ተናገረ። ከመንደራችን የራሱ መሬት ያለው እሱ ነው፤ ሌላው ሰው በኪራይ መሬት የሚኖር ነው። «የእግዚአብሔርን ጦርነት ለደርሃም ሰዎች ብቻ አንተውም!» አለ። ሠላሳ ሰው ተከተለው።

ቦይ ቆፋሪው ላንስ ቶድ እጁን አወጣ። «ጌታው፣ ጫማ ይሰጡናል?»

«ይሰጣል።»

«እንግዲያስ የሮሙ ጳጳስ ይግዛን፤ እኔ መጣሁ።»

የፌሪ ወንድማማቾችም ሄዱ፤ ሁለቱም ከሰል አክሳዮች ናቸው፣ ለአንዲት መበለት እናት ልጆች። ሸማኔው ኡትሬድም ሄደ። ጋወን ግን ቀረ።

«ፈራህ?» አለው ሎውሰን ከፈረሱ ላይ።

«እኔ የምጠርበው ድንጋይ ነው ጌታው፤ ሰው ጠርቤ አላውቅም።»

ሳቁ። በእኔ ግን አሁን ማንም አልሳቀም፤ ማለቴ፣ መጽሐፉን ማንበቤን ያስታወሰ የለም። እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ ይረሳል። ይረሳ፤ ደግ ነው።

የቅዱስ እንድርያስ ቀን

ወሬ የለም። ዝናብ። ሲቢል ጎመን እየከተፈች፣ «ደወሉን ማን ደወለው ብለው ቢጠይቁስ?» አለችኝ።

«ማን ይጠይቃል?»

«የሚያሸንፈው።»

ጎመኑን አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነበር።

የቅዱስ ቶማስ ዋዜማ

አለቀ። ሁለቱ ጌቶች ያለ አንድ ውጊያ ድንበር ተሻግረው እስኮትላንድ ገቡ አሉ። የንግሥቲቱ ጦር ከደቡብ እየመጣ ነው፤ ብዛቱ አይቆጠርም።

ሰዎቻችን አንድ አንድ እያሉ፣ በየአጥሩ ሥር እየተሹለከለኩ ይመለሳሉ። ቀድሞ የደረሰው ሎውሰን ነው። ጢሙን ተላጭቷል። ሰላም ስለው፣ «ታምሜ ተኝቼ ነበር፤ ወር ሙሉ» አለኝ፤ ያልጠየቅኩትን።

ላንስ ቶድ ደረሰ። ጫማ አድርጓል። በዚህ ሁሉ ዘመቻ ጫማ አግኝቶ የተመለሰ እሱ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት አባ ሮላንድ በእንግሊዝኛ ጸለዩ። ከትዝታቸው፤ መጽሐፍ የለማ። መንበሩን እኔና ጋወን አውርደን ከግንብ ጥግ አስደገፍነው። «እንግዲህ ወደ አሳማዎቹ ልመልሰው» አለ። አልሳቅኩም።

የዚህን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ደግሜ አነበብኩት። በችኮላ ነው የጻፍኩት። «አነበብኩ» ብያለሁ፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ሰው እየጮኸ ነበር፣ መጽሐፉም ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ነበር መሰለኝ። ቃሉን በቢላ ልፍቀው ሞከርኩ። ወረቀቱ ሳሳ እንጂ ቀለሙ አልለቀቀም።

የገና ማግስት

ወታደሮች አለፉ። ዝይ አልቀረም። ከእማማ ጃኔት ቤት አሳማዎቹን ነድተው ወሰዱ። ጋወን ተከትሏቸው፣ «ጌቶቼ፣ እነዚህ እኮ የመንደሩ ካቶሊኮች ናቸው፤ በደንብ ጥበሷቸው!» ብሎ አንዱን ወታደር አሳቀው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን ምላሱ ያስበላዋል ብዬ ለሲቢል ነገርኳት።

«ምላሱ ማንን ጎዳ?» አለች።

ዲሴምበር 30

ከዛሬ ጀምሮ ቀኑን በቅዱሳን ስም አልጽፍም። ሌላ ሰው ቢያየው አይበጅም።

ካፒቴን ሬድማን የሚባል የንግሥቲቱ መኮንን ሎውሰን ቤት አረፈ። አስጠራኝ። ስገባ ጉንፋን ይዞት እግሩን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ተቀምጧል። የሎውሰን ሚስት ውኃው ሲቀዘቅዝ ትጨምርለታለች። ሎውሰን ራሱ ቢራ ይቀዳል።

«ጸሐፊው አንተ ነህ? ከዚህ መንደር ስንት ሰው ዘመተ?»

«ሠላሳ ገደማ ጌታዬ።»

ሎውሰንን አላየሁትም። እሱም አላየኝም።

«ሠላሳ አልፈልግም። ሠላሳውን ብሰቅል ማን ያርሳል? ከሄዘልደን የታዘዝኩት አራት ነው።»

«የትኞቹን አራት ጌታዬ?»

«እኔ እንግዳ ነኝ፤ አንተ ታውቃቸዋለህ። ስም ጽፈህ አምጣ፤ ከጎኑ ጥፋቱን። መሬት ያለው እንዳይሆን ብቻ። መሬት ያለው በፍርድ ቤት ነው የሚዳኘው፤ መሬቱ ለንግሥቲቱ የሚተርፈው እንዲያ ነው። ምንም የሌለውን ፍርድ ቤት ባመላልሰው ምን አተርፋለሁ?» አስነጠሰው። «ይማርህ አትለኝም?»

«ይማርዎት ጌታዬ።»

«እግዜር ይስጥህ። እስከ ረቡዕ።»

ሎውሰን እስከ በሩ ሸኘኝ። ትከሻዬን ጨብጦ፣ «የምትጽፈው አንተ መሆንህ ለመንደሩ ዕድል ነው ወንድሜ» አለኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን በቂም ይጽፍ ነበር።»

እውነቱን ነው። ይህን እያሰብኩ ቤቴ ገባሁ። ሌላ ሰው ቢሆን በቂም ይጽፍ ነበር።

ጃንዋሪ 2

እንዴት እንደ ወሰንኩ ልጻፍ፤ አንድ ቀን ብጠየቅ እንዳልረሳው።

ላንስ ቶድ፦ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ጫማውን መንደሩ ሁሉ አይቶታል፤ ቢደብቁትም አይደበቅም።

ሁለቱ ፌሪዎች፦ አንዱን ብጽፍ ሌላው በቀል ይዞ ይኖራል። ለእናትየዋም ሁለቱን ባንድ ቀን ማልቀስ ይሻላታል፤ ሐዘን ሲከፋፈል አይቀልም።

ሸማኔው ኡትሬድ፦ የዚህ መንደር ተወላጅ አይደለም።

እኔ አልመረጥኩም። ቁጥሩ ከላይ የመጣ ነው፤ ሰዎቹንም ሥራቸው መረጣቸው። እኔ የጻፍኩት ብቻ ነው።

ጋወንን አልነካሁትም። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን የመንበሩን ድንጋይ ነገር ሳይጽፍ ባላለፈ ነበር። ለሲቢል ስል ተውኩት። አላወቀችም እንጂ ልታመሰግነኝ ይገባ ነበር።

ጃንዋሪ 5

ወታደሮቹ ሦስቱን ያዙ። ኡትሬድ የለም። ሸማው በሽመና ዕቃው ላይ እንዳለ፣ ምድጃው እንደ ሞቀ፣ በጓሮ በበረዶው ላይ ወጥቶ ሄዷል። ፈለጉን እስከ ወንዙ ተከትለው አጡት።

ካፒቴኑ አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለኝ።

«ሦስት ሆኑ» አለኝ። «የታዘዝኩት አራት ነው።»

«ሸሸ ጌታዬ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ሰው ጠቆመኝ፤ በዚያ ቀን ደወል ተደውሎ ነበር አሉ። ደወል ብቻውን አይደወልም። ደግሞ መጽሐፍ ተቃጥሏል አሉ፤ ከመቃጠሉ በፊትም አንዱ እያላገጠ አነበበው አሉ። መስረቅ አንድ ነገር ነው፣ መዝመትም አንድ ነገር ነው። በእግዚአብሔር ቃል ማላገጥ ግን…» ከንፈሩን መጠጠ። «ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ሎውሰን ማሰሮውን ይዞ ቆሟል። ቢራ ይቀዳል።

«አጣርቼ… አጣርቼ እነግርዎታለሁ ጌታዬ።»

«ነገ ከመምሸቱ በፊት። አራተኛው በዚያ ጥፋት ይሁንልኝ፤ ለደርሃም ስጽፍ ያምራል።»

የጠቆመው ሎውሰን ነው። ወይም አባ ሮላንድ። ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ስቆ ነበር እኮ። ያን ጊዜ ስቆ የነበረ ሁሉ አሁን ፊቴን ያያል።

ጃንዋሪ 6

ጥምቀት ነውና እማማ ጃኔት ጠሩን። አሳማ ስለሌለ የአጃ ቂጣና የጨው ዓሣ ነበር። ጋወን በቂጣው ውስጥ የተደበቀችውን የባቄላ ፍሬ አገኘና፣ በበዓሉ ልማድ የቀኑ ንጉሥ ሆነ። እናቱ ድስት መክደኛውን ዘውድ አድርገው ደፉለት።

«ንጉሥ ሆኛለሁ» አለ። «ሕዝቤ ሆይ፣ የመጀመሪያው ትእዛዜ፦ ሬድማን የሚባለው ሰውዬ ጉንፋኑ ይጥናበት!»

«ዝም በል!» አለችው ሲቢል እየሳቀች።

ከምግቡ በኋላ ወደ ውጪ ወሰደኝ። ዘውዱን አውልቋል።

«ኒኒያን፣ ፊትህ ልክ አይደለም። ስለ መጽሐፉ ነው?»

ዓይኔን ወደ አጥሩ አዞርኩ።

«ስማኝ። ከጠየቁኝ፣ የመንበሩ ድንጋይ የእኔ ነው፤ እሱን ማንም ያውቃል፣ አልክድም። ስለ መጽሐፉ ግን ምንም አላየሁም፤ ጭስ ነበር። ዓይኔን አቃጠለኝ። ለእማዬም እንዲሁ በይ ብያታለሁ። ፌሪዎቹንም አውቃቸዋለሁ፣ አይናገሩም። ሚስትህን እያት፣ እንቅልፍ አጥታለች። አይዞህ ሊቁ።»

«እግዜር ይስጥህ» አልኩት።

ዕቃ ረስቻለሁ ብዬ ወጣሁ። ሎውሰን ቤት ሄድኩ። ተመለስኩ።

ስም አንድ።

ሲቢል፣ «የረሳኸውን አገኘኸው?» አለችኝ። አገኘሁት አልኳት።

ጃንዋሪ 7

ጋወንን ያዙት። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሮውን ሲስል አገኙት። መሮውን አስቀምጦ ተነሣ አሉ።

ሲቢል እግሬ ላይ ወደቀች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። «አንተ ጸሐፊ ነህ። ካፒቴኑ አንተን ይሰማሃል። ሂድ ንገረው! አልዘመተም በለው! አንድ ቀን ጦር ይዞ አያውቅም በለው!»

ሄድኩ። እስከ ሎውሰን ጎተራ ድረስ ሄድኩ። ከጎተራው ኋላ ከነፋሱ ተጠልዬ ቆምኩ። እስከ ሦስት መቶ ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ። እግሬ ሲደነዝዝ ተመለስኩ።

«እንቢ አሉ» አልኳት።

«ምን አልካቸው?»

«ሁሉን።»

እጄን ስማ አለቀሰች። የእውነት ብሄድስ? ያው እንቢ ይሉ ነበር። ስለዚህ የነገርኳት ውሸት አይደለም፤ የሚሆነውን ቀድሜ ነው የነገርኳት።

ጃንዋሪ 9

ተፈጸመ። እንደሆነው ልጻፈው።

መስቀያውን የሠሩት መጻሕፍቱ በተቃጠሉበት አደባባይ ላይ ነው። ከየቤቱ ሰው ሁሉ እንዲወጣ ታዘዘ፤ የቀረ ቤቱ ይቃጠላል ተባለ። ካፒቴኑ ጥፋታቸውን እኔ እንዳነብ አዘዘኝ። ጉሮሮው ስለታመመ ነው፤ ሌላ ምክንያት ያለው አልመሰለኝም።

መሰላሉ አንድ ነበር።

ላንስ ቶድ ቀደመ። «ጫማዬን ለማን ልስጥ?» ብሎ ዞሮ ጠየቀ። ማንም ልውሰድ አላለም። አንድ ወታደር ከእግሩ ላይ አወለቀው። ላንስ በባዶ እግሩ ወጣ።

የፌሪዎቹ እናት ካፒቴኑ ፊት ተንበረከኩ። ማሩልኝ አላሉም። «ጌታዬ፣ ባንድ ጊዜ ያድርጓቸው። አንዱ ሌላውን እንዳያይ።»

«መሰላሉ አንድ ነው እማማ» አላቸው ካፒቴኑ፤ በትሕትና ነው ያላቸው። «ታናሹ ይቅደም እንዴ?»

ታናሹ ቀደመ፤ ታላቁ አየ።

ከዚያ ጋወን መጣ። ግንዱን ወደ ላይ በዓይኑ ለካው። «ይህን ያቆመው ማነው? ወደ ግራ አጋድሏል እኮ» አለ። ከወታደሮቹ አንዱ ሊስቅ ብሎ አፉን ያዘ።

«አንብብ» አለኝ ካፒቴኑ።

አነበብኩ። «ጋወን፣ ድንጋይ ጠራቢ። የቤተ ክርስቲያኑን መጻሕፍት አውጥቶ፣ ቅዱሱን ቃል በሕዝብ ፊት እያላገጠ አንብቦ፣ በእሳት ያቃጠለ።»

ጋወን ወደ እኔ ዞረ። መጀመሪያ ያልሰማ መሰለ። ግንባሩን ቋጥሮ አየኝ፤ አንድ ሒሳብ ጠፍቶበት እንደሚያስብ ሰው። ቀጥሎ ሳቀ። የሞተ ሳቅ አልነበረም፤ የእውነት ነው የሳቀው።

«አንብቦ?» አለ። «ኧረ በሕግ አምላክ! እኔ እኮ ማንበብ አልችልም!»

ካፒቴኑ እኔን አየ። ወረቀቱን አየ። ቀጥሎ ሕዝቡን አየ። መቶ ሰው ቆሟል፤ ከመቶው አንድ እንኳ አልተነፈሰም። የሕፃን ሳል ሰማሁ። ሎውሰን ቆቡን ያስተካክላል። አባ ሮላንድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የሚጸልዩ ለመምሰል።

«ማንበብ አይችልም?» አለ ካፒቴኑ ለእኔ ብቻ፤ በዝግታ።

እኔም፣ «በቃሉ ይዞት ነው ጌታዬ» አልኩ።

ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ተዘጋጅቼበት አልነበረም። ከአፌ ዝም ብሎ ወጣ።

ካፒቴኑ ትከሻውን ሰበቀ። «አራት» አለ። «ጎትቱ።»

ጋወን ከዚያ በኋላ ለእኔ አልተናገረም። «እማዬ፣ ወደ ቤት ግቢ፤ ይበርድሻል» አለ። እማማ ጃኔት አልገቡም። እስከ መጨረሻው አዩት። ብዙ ቆየ፤ ግንዱ እሱ እንዳለው ወደ ግራ አጋድሎ ነበርና ገመዱ በደንብ አልጠበቀም።

በራሳቸው እስኪወድቁ ድረስ ማንም እንዳያወርዳቸው ታዘዘ።

ጃንዋሪ 10

ሲቢል ልብሷን በአንሶላ ጠቀለለች። ወደ እናቷ ቤት ልትሄድ ነው።

«ከሐዘኑ እስክትወጪ ነው?» አልኳት።

«ያን ቀን አንተ ስታነብ ስቄ ነበር» አለች። «ሆዴን እስኪያመኝ ስቄ ነበር። እግዚአብሔር ለዚያ ሳቄ ይጠይቀኛል።» በሩ ላይ ቆመች። «በቃሉ ይዞት ነው አልክ።»

ላስረዳት ጀመርኩ። ቁጥሩን፣ ትእዛዙን፣ ያ ባይሆን ኖሮ እኔ እንደምሆንና እሷ መበለት እንደምትቀር። ደህና አድርጌ አስረዳሁ መሰለኝ፤ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ግን በሩ ላይ አልነበረችም። መቼ እንደ ሄደች አላየሁም።

ጃንዋሪ 14

ካፒቴኑ ወደሚቀጥለው መንደር ተነሣ። ኮርቻ ላይ ሆኖ አስጠራኝ። ጉንፋኑ ለቆታል።

«ጸሐፊ፣ ያ ሸማኔያችሁ ተገኘ። ኡትሬድ ነው ስሙ? ከዚህ ስድስት ማይል ላይ ጎተራ ውስጥ ይዘውት፣ እዚያው ሰቅለውታል።»

«መቼ ጌታዬ?»

«በወሩ ስድስተኛ ቀን ጠዋት። ደብዳቤው በበረዶው ዘግይቶ ትናንት ደረሰኝ።» ጓንቱን እየጎተተ አሰበ። «ስድስተኛው ቀን… አንተ አራተኛውን ያመጣህልኝ ከሰዓት ነበር፣ አይደል? እንግዲህ ያን ጊዜ ሄዘልደን አራቱን ጨርሳ ነበር። አምስት ሰጠኸኝ ማለት ነው።» ሳቀ፤ ክፋት የለበትም ሳቁ። «እንዲህ ያለ ትጉህ ጸሐፊ በሌሎቹም መንደሮች በነበረኝ!»

ፈረሱን ኮለኮለ። ሎውሰን ባርኔጣውን አውልቆ ሸኘው።

አደባባዩን ሳላይ በቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ዞሬ ቤቴ ገባሁ። ለማንም አልነገርኩም። ለማን እነግራለሁ?

ጃንዋሪ 20

ነፋስ። ገመዶቹ ይጮኻሉ። ጆሮዬን በጨርቅ ጠቀጠቅኩ።

ጃንዋሪ 21

እንደ ትናንቱ።

ፌብሩዋሪ 4

የይቅርታው ቀን ነበር። የተረፈው ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጉልበቱ ሆኖ ለንግሥቲቱ ታማኝነቱን ማለ። ሎውሰንም ማለ፤ ከፊት ረድፍ፣ ትራስ ላይ ተንበርክኮ። አዲሶቹ መጻሕፍት መጥተዋል፤ ቆዳቸው ገና ይሸታል። ትልቁ ደወል በአመፅ ስለተደወለ ይውረድ ተብሎ በገመድ ወረደ፤ ትንሿ ብቻ ቀረችን።

አባ ሮላንድ ድምፄ ደክሟል ብለው፣ ለንጉሥ ስለ መታዘዝ የተጻፈውን ስብከት እኔ እንዳነብ ሰጡኝ። አነበብኩ። ሰው ሁሉ ወለሉን አየ። ድምፄ ጥሩ ነው፤ ድሮም ጥሩ ነው ይሉኛል። ወደ መካከሉ ስደርስ ግን ከኋላ ወንበር አንድ ሰው በአፍንጫው «እህም» አለ፤ ያን ሰባኪ እንደሚመስል። ማን እንደሆነ ቀና ብዬ አላየሁም። የሳቀ ግን አልነበረም።

ሲቢል ከእናቷ ጋር ግድግዳው ጥግ ነበረች። ከሳች። አላየችኝም፤ አይታኝም ይሆናል።

ፌብሩዋሪ 19

የወደቁትን መቅበር ተፈቀደ። ስምንት ሰው ሆነን በቤተ ክርስቲያኑ ሰሜን በኩል፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ አራት ጉድጓድ ቆፈርን። ላንስን ለመቅበር ዘመድ አልመጣም፤ የፌሪዎቹ እናት «እኔ ልያዝለት» ብለው ጨርቁን በአንድ ጫፍ ያዙ። ጋወንን ሊሸከሙ የገቡት ሰዎች እኔ እጄን ስዘረጋ ቦታ አልሰጡኝም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ዝም ብለው ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ።

ሁሉም ከሄደ በኋላ፣ ገና ቀን ሳለ፣ መዝገቡ ያለበት ክፍል ውስጥ ቀለም ስበጠብጥ እማማ ጃኔት ገቡ። በትር ይዘዋል። ድሮ ያለ በትር ነበር የማያቸው።

«ይቀመጡ እማማ» አልኩ።

አልተቀመጡም።

«የተቀበሩትን እዚህ ትጽፋለህ?»

«አዎ እማማ። የሞተውን ሁሉ።»

«የሱንም?»

«የሱንም። አሁን ልጽፍ ነበር።»

«እንግዲያው ጻፍልኝ፤ ቆሜ ልየው።»

ጻፍኩ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ሙያውን፣ ቀኑን። አሸዋ ነስንሼ አደረቅኩት። ጎንበስ ብለው ተመለከቱ፤ እሳቸውም እንደ ልጃቸው ማንበብ አይችሉም።

«የትኛው ነው እሱ?»

በጣቴ አሳየኋቸው። የራሳቸውን ጣት አጠገቡ አድርገው፣ ሳይነኩት፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በዝግታ ተከተሉት።

«ያምራል» አሉ።

«አመሰግናለሁ እማማ።»

«ሳትቆም፣ ሳትሰርዝ ጻፍከው። ሌሎቹን ስትጽፍ አይቻለሁ በመስኮቱ፤ እያሰብክ ነበር። የሱን ግን…» በትራቸውን አንሥተው ወደ በሩ ዞሩ። «የሱን እጅህ ለምዶታል።»

ወጡ። በሩን አልዘጉትም።

ከዚያ ወዲህ መዝገቡን ሦስት ጊዜ ከፍቼ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ገጹ ላይ ካሉት ስሞች ሁሉ የጠራው እሱ ነው።